ሪፖርታችንን ኔጌቲቭ ያደረገው 2,147,483,647፦ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ አጋጣሚ ነው?

ሳንቲም ቆጣሪ፦

ሰላም ለቤቱ። አንድ ቁጥር ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ሒሳብ የሚወዱ ሰዎች እዚህ ስላሉ ይዤው መጣሁ።

ለአንድ የቁጠባ ማኅበር የሒሳብ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ብርን ከነነጥቡ ማስቀመጥ ድምሩ ላይ ሳንቲም እያዛነፈ ሲያስቸግረኝ ሁሉንም ወደ ሳንቲም ቀየርኩት፤ 500 ብር 50,000 ሆኖ ይቀመጣል። ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ያዧ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ማኅበሩ ሃያ አንድ ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት ይለኛል» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ጠቅላላው 21,474,500 ብር ነበር። አንድ አባል 500 ብር አስገቡ። ከዚያ ሪፖርቱ −21,474,672.96 ብር አለ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ጠቅላላ ድምሩን የያዝኩት በጃቫ (ኮድ የምጽፍበት ቋንቋ ነው) «ኢንት» በሚባለው የቁጥር ዓይነት ነበር፣ 32 ቢት ማለት ነው። የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፤ በብር 21,474,836 ከ47 ሳንቲም። አንዲት ሳንቲም ካለፈው ዞሮ ከታች፣ ከኔጌቲቩ ጫፍ ይጀምራል። 2,147,500,000 ላይ 4,294,967,296 ቀንሱለት፤ −2,147,467,296 ይመጣል። ገንዘብ ያዧን ያስደነገጠው ቁጥር ይኸው ነው። ወደ «ሎንግ»፣ ወደ 64 ቢቱ ቀየርኩት፣ የማንም ገንዘብ አልጠፋም፣ እሷም ተረጋጋች።

እኔ ግን ቁጥሩን መተው አልቻልኩም። ማታ ቁጭ ብዬ በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13 ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ እስከ ካሬ ሥሩ፣ እስከ 46,340 ድረስ ባለው ሁሉ አካፈልኩት። አንድም አልተገኘም። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ክፍል ውስጥ ፕራይም የምንለው። ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ኮምፒውተሩ የሚይዘው የመጨረሻው ቁጥር ፕራይም መሆኑ እንዲሁ የሆነ ነገር ነው ወይስ ምክንያት አለው?

የማታ ገንቢ፦

እህቴ፣ እንኳን ገንዘቡ ተረፈ። እኔ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ እዚህ ሌሊት ሌሊት ኮድ ስጽፍ ከዚህ ቁጥር ጋር ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል። የሒሳቡን ለመምህራኑ ትቼ ከየት እንደመጣ ልናገር።

32 ቢት ማለት 32 ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አንዱ ለምልክት ይወሰዳል፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ለማለት። 31 ይቀራል። 31ዱም ሲበሩ 1 + 2 + 4 + 8 እያለ እስከ 1,073,741,824 ይደመራል፤ ድምሩ 2³¹ − 1 ነው።

በሳንቲም ስለጀመርሽ በሳንቲም ላሳይሽ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሳንቲም አስቀምጪ፣ በማግስቱ ሁለት፣ በሦስተኛው ቀን አራት፣ እንዲህ በየቀኑ እጥፍ። አሥረኛው ቀን ላይ 5 ብር ከ12 ሳንቲም ነው የምታስገቢው፤ ማንም አይደነግጥም። በ20ኛው ቀን 5,242 ብር ከ88 ሳንቲም። በ31ኛው ቀን ብቻውን 10,737,418 ብር ከ24 ሳንቲም። ሳጥኑን ስትከፍቺ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ታገኛለሽ። የማኅበርሽ ጣሪያ እሱ ነው።

11ኛ ሐ፦

እኔ መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ነው። 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁵ − 1 = 31፣ 2⁷ − 1 = 127። ሁሉም ፕራይም ናቸው። ስለዚህ ከላይ ያለው ቁጥር ፕራይም ከሆነ ውጤቱም ፕራይም ይሆናል ማለት ነው።

መምህር ጠመኔ፦

ልጄ፣ አካሄድህ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ እርምጃ ቀድመህ ቆምክ። ከ7 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 11 ነው። 2¹¹ − 1 = 2,047። አሁን 23ን በ89 አባዛ።

11ኛ ሐ፦

2,047 መጣ። መምህር፣ እርስዎ ልክ ነዎት።

መምህር ጠመኔ፦

ይኸውልህ፣ ግማሹ እውነት ያንተ ነው። ከላይ ያለው ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ በፍጹም ብቸኛ አይሆንም። ይህን ለማየት ቀመር አያስፈልግህም፤ በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ጻፈው። 2⁶ − 1 ስድስት አንዶች ነው፦ 111111። ሁለት ሁለት አድርገህ ክፈለው፦ 11 11 11። ስለዚህ በ11 ይካፈላል፤ በባይነሪ 11 ማለት 3 ነው። ሦስት ሦስት አድርገህ ክፈለው፦ 111 111። በ111 ማለትም በ7 ይካፈላል። እውነትም 63 በ3ም በ7ም ይካፈላል። የአንዶቹ ብዛት በእኩል የሚመደብ ከሆነ ቁጥሩም ይከፈላል። 31 አንዶችን ግን እኩል የሚመድብ የለም። በር ተከፈተ ማለት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ግን ገብተህ ማየት አለብህ። 11 አንዶችም በሩ ተከፍቶላቸው ነበር፣ 23 እና 89 ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ።

ለሳንቲም ቆጣሪ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ሁለቱም ነው። መሐንዲሶቹ አንዷን ቢት ለምልክት ሲወስዱ ስለ ብቸኛ ቁጥር አላሰቡም። ለዚህ ማስረጃው የሌሎቹ ጣሪያዎች ነው። የ8 ቢቱ 127 ነው፣ ብቸኛ። የ16 ቢቱ 32,767 ነው፤ 15 አንዶች ስለሆኑ 7 × 31 × 151 ሆኖ ይፈርሳል። አሁን የተዛወርሽበት «ሎንግ» ጣሪያው 9,223,372,036,854,775,807 ነው። 63 አንዶች በሦስት ይመደባሉ፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው በ7 ይካፈላል። አራቱን ደርድሪያቸው፦ 7፣ 15፣ 31፣ 63። ሁለቱ ብቸኛ ናቸው፣ ሁለቱ አይደሉም።

ምልክቷን ባትወስጂ ደግሞ ሌላ ውበት አለ። 32ቱም ሲበሩ 4,294,967,295 ነው፤ ይህም 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ነው። እነዚህ አምስቱ እስካሁን የሚታወቁት የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች (2ን 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን ያን ያህል ጊዜ አባዝተን 1 ስንጨምር የሚመጡት) በሙሉ ናቸው፤ አንድም አልቀረም። በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል የምናውቀው ትልቁ ባለ ጎዶሎ ጎን እኩል ምስል 4,294,967,295 ጎን አለው፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሰው ጋውስ የከፈተው መንገድ ነው። አንዲት ቢት ስትጨመር ከአይፈርሴው ቁጥር ወደዚህ ትሻገሪያለሽ። ይህን ክፍል ውስጥ ስጽፈው ሁልጊዜ ትንሽ ዝም እላለሁ።

የመርካቶ ልጅ፦

ውይይታችሁ አያቴን አስታወሰኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማባዣ ሰንጠረዥ አልተማሩም፤ ግን በማጋመስና በማጠፍ ማንንም ይቀድሙ ነበር። የውጭ የኮምፒውተር ትምህርት ይህንኑ ዘዴ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ብሎ ያስተምረዋል። የጥንት ግብፆችም በማጠፍ ያባዙ ነበር።

ለማያውቁት፦ 13 በግ በ22 ብር። በግራ 13ን ማጋመስ፣ የተረፈውን መጣል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 22ን ማጠፍ፦ 22፣ 44፣ 88፣ 176። በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር መሰረዝ፤ እዚህ 6 ላይ ያለው 44 ይሰረዛል። የቀረውን መደመር፦ 22 + 88 + 176 = 286።

አሁን መምህር ያሉትን ሳነብ 31ን አጋመስኩት፦ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1። አንድም መስመር አይሰረዝም! 2,147,483,647ንም ሞከርኩ፤ 1,073,741,823፣ 536,870,911 እያለ 31 መስመር ወረደ፣ ሁሉም ጎዶሎ፣ የሚሰረዝ የለም። አያቴ ቢያዩት «ይኼ እማይሰረዝ ነው» ይሉት ነበር ብዬ አሰብኩ።

መምህር ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ የአያትህ መስመሮች ባይነሪ ናቸው። ያልተሰረዘው 1፣ የተሰረዘው 0። 13 ማለት 1101 ነው፤ ከታች ወደ ላይ አንብበው፣ ታየዋለህ።

ሳንቲም ቆጣሪ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ገና አልገባኝም። እኔ በኮምፒውተር ነው ያረጋገጥኩት። ኮምፒውተር ከመኖሩ በፊት ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ነበር?

መምህር ጠመኔ፦

ነበር እንጂ! እንዲያውም ቁጥሩ የታወቀው ከኮምፒውተር በፊት በሒሳብ ሰዎች ነው፤ ኮምፒውተር በኋላ መጥቶ አገኘው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።)

በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እስከ 257 ባለው ውስጥ 2ን ስንት ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ ብቸኛ ቁጥር እንደምናገኝ ዝርዝር አወጣ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127፣ 257። ከነዚህ 67 እና 257 ስህተት ሆነው ተገኙ፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ቀርተውበት ነበር። ቢሆንም ስሙ ቀረለት፤ መርሴን ፕራይም እንላቸዋለን። 31 ልክ ነበር፤ ግን ያኔ ማረጋገጫ አልነበረውም።

ያረጋገጠው ኦይለር ነው፤ የስዊዘርላንዱ ባዜል ተወላጅ፣ ሴንት ፒተርስበርግ የኖረው። በርኑሊ ለተባለ የሒሳብ ሰው በጻፈውና በ1772 በታተመው ደብዳቤ ላይ ነው ያስታወቀው። በዚያን ጊዜ ዓይኖቹ ከሞላ ጎደል አያዩም ነበር። እስቲ አስቡት፤ እስከ 46,340 ድረስ ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ይህን ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር በእያንዳንዳቸው ማካፈል የዓመት ሥራ ነው። ኦይለር ግን አብዛኞቹን ሳይነካቸው አባረራቸው። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ የዚህ ሁሉ ልብ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹ − 1ን ያካፍላል እንበል፤ ስሙን «ቀ» እንበለው። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን እያንዳንዱን በቀ ስናካፍል የሚተርፈውን እንጻፍ። ቀሪዎቹ እንደ ሳምንት ቀናት ይዞራሉ፤ 1 ላይ ሲደርሱ እንደገና ይጀምራሉ። ቀ 2³¹ − 1ን ስለሚያካፍል በ31ኛው እርምጃ ላይ የሚተርፈው 1 ነው። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት 31ን እኩል ይከፍላል። 31 ብቸኛ ነው፤ ዙሩ ወይ 1 ነው ወይ 31። 1 ሊሆን አይችልም፤ ያ 2 ራሱ 1 ይተርፈዋል ማለት ይሆናል። ስለዚህ ዙሩ 31 ነው። ፌርማ ደግሞ በ(ቀ − 1)ኛው እርምጃ ላይ ሁልጊዜ 1 እንደሚተርፍ አሳይቷል። እንግዲህ ቀ − 1 የ31 ብዜት ነው። ቀ ጎዶሎ ስለሆነ ቀ − 1 ተጋማሽ ነው። ሁለቱን ስታጣምሩ ቀ − 1 የ62 ብዜት ይሆናል።

ሌላም ወንፊት አለ። 2³¹ በቀ ሲካፈል 1 ከተረፈው 2³² ሲካፈል 2 ይተርፈዋል። 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ካሬ ነው። ስለዚህ በቀ ዓለም ውስጥ፣ በቀ ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ስናይ ማለት ነው፣ 2 ካሬ ሆነ። ይህ የሚሆነው ቀ በ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሲተርፈው ብቻ ነው። ሁለቱን ወንፊቶች ደራርቧቸው፤ ቀ በ248 ሲካፈል ወይ 1 ወይ 63 መትረፍ አለበት፣ ሌላው ሁሉ ወደቀ። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት 373 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት ወደ 80 ገደማ። ከ4,700 ወደ 80! ኦይለር በነዚህ አካፈለ፣ አንዱም እኩል አላካፈለም፤ አለቀ።

11ኛ ሐ፦

መምህር፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገባኝ። እኔም በእጄ ልሞክረው። 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559 እያለ ይሄዳል አይደል? በ63 ጀመርኩ፣ አልተካፈለም። 249ም አልተካፈለም።

መምህር ጠመኔ፦

ጉልበትህን ቆጥብ። 63 በ7፣ 249 በ3 ይካፈላሉ። 249 ቢያካፍለው ኖሮ 3ም ያካፍለው ነበር፤ 3 ደግሞ ወንፊቱን አላለፈም። 497 የ7 ነው፣ 559 = 13 × 43። ብቸኛ የሆኑትን ብቻ ውሰድ። የመጀመሪያው 311 ነው፤ ቀጣዩን ራስህ ፈልግ።

የማታ ገንቢ፦

ልጁ እያካፈለ ሳለ አንድ ሌላ ነገር ላምጣ። ይህ ቁጥር ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚቆጥረው። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓትን የሚይዙት በሴኮንድ ብዛት ነው፤ መነሻው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በግሪንዊች። ያረጁት ሲስተሞች ሴኮንዶቹን የሚቆጥሩት በዚሁ በ32 ቢት ነው። 2,147,483,647ኛው ሴኮንድ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በግሪንዊች 03:14:07 ላይ ይሞላል። በቀጣዩ ሴኮንድ ያልታደሰው ማሽን ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ነው ብሎ ያስባል። ልክ የማኅበሩ ገንዘብ ወደ ዕዳ እንደዞረው።

በ2014 መጨረሻ አንድ የደቡብ ኮሪያ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ የተመልካቹ ብዛት ይህን ቁጥር አልፎ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት መቀየር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ያ ተመልካች ነው። ሰዓት ግን ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ ቴሌም ውስጥ አለ።

ሳንቲም ቆጣሪ፦

ቆይ፣ ጃንዋሪ 19? ይህ ጥምቀት አይደለም እንዴ?

የማታ ገንቢ፦

እኔ እዚህ ሆኜ እንጃ። አንዳንድ ዓመት 20 ላይ ይውላል። የሚያሰላ ሰው አለ?

ባሕረ ሐሳብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ ይህቺን ግን እኔ ልመልስ።

2038 ጃንዋሪ በእኛ 2030 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ዓለሙ 5,500 + 2,030 = 7,530። ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1,882፣ ቀሪው 2። ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ጥምቀት በፈረንጆቹ 20 ላይ የሚውለው ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ፣ በዘመነ ዮሐንስ ነው። በማርቆስ 19 ላይ ነው። ስለዚህ ጥር 11 ራሱ ነው።

ቀኑን ደግሞ፦ 7,530 + 1,882 = 9,412። ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 4 ሲሆን ዓርብ። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 11 ድረስ 130 ቀን አለ፤ ለ7 ሲካፈል ደግሞ 4 ይተርፋል። ከዓርብ አራት ቀን ቁጠሩ፦ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ።

ግሪንዊች ላይ ሦስት ሰዓት ስንጨምር በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030፣ ገና ሲነጋ። ጃን ሜዳ ታቦታቱ አድረው፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ባሕረ ጥምቀቱን ከቦ በቆመበት ሰዓት። ያልታደሰው ማሽን ደግሞ በዚያች ቅጽበት ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ነው ይላል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን።

የማታ ገንቢ፦

ሰውነቴን ወረረኝ። እዚህ ዋሽንግተን ሰኞ ጥር 10 ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ14 ይሆናል፤ የከተራው ማታ። ዱባይ ያሉት ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ14።

ሳንቲም ቆጣሪ፦

አሁን የማኅበሩን ዳታቤዝ ከፍቼ የቀን አምዶቹን አየሁ። ሁለቱ በሴኮንድ፣ በ32 ቢት ነው የተያዙት። ያውም ለ15 ዓመት የሚዘልቅ የቤት ብድር አለን፤ የመክፈያው ቀን ከ2030 የሚያልፈው አባል ችግሩ የሚደርስበት ዛሬ ነው፤ ያኔ ድረስ አይጠብቅም። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ይኼ ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦይለር በ80 ገደማ ማካፈል ጨረሰው ካሉ በኋላ ከዚያም የሚያጥር መንገድ እንዳለ አነበብኩ። ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው፣ ሌመር በ1930ዎቹ ያጠራው ዘዴ ነው። በ4 ትጀምራላችሁ። ካሬ አድርጋችሁ 2 ትቀንሳላችሁ፣ በቁጥሩ አካፍላችሁ ቀሪውን ትይዛላችሁ። ለ2⁷ − 1 ማለት ለ127 በእጄ ሠራሁት፦ 4፣ 14፣ 194 (ቀሪው 67)፣ ከዚያ 42፣ 111፣ 0። ዜሮ ላይ ካረፈ ብቸኛ ነው። ለ31 ደግሞ 29 ጊዜ ብቻ ካሬ ማድረግ ነው፦ 4፣ 14፣ 194፣ 37,634፣ 1,416,317,954 እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች ጣሪያው ሥር ናቸው፤ ከዚያ ካሬው ከ«ኢንት» ስለሚያልፍ በ«ሎንግ» ጻፍኩት። 29ኛው ላይ ስክሪኑ 0 አለ። ለ2¹¹ − 1 ስሞክረው 0 አልመጣም።

መምህር ጠመኔ፦

ጎበዝ! ሉካስ በ1876 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን በእጁ ያረጋገጠው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው፤ 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት የመርሴን 67 ስህተት መሆኑንም አሳየ፣ ግን አካፋዮቹን ሳያውቃቸው። አካፋይ መኖሩን አወቀ፣ ማን እንደሆነ አላየም። በ1903 ኮል የተባለ አሜሪካዊ ነው 193,707,721 × 761,838,257,287 ብሎ ያወጣቸው።

የመርካቶ ልጅ፦

መምህር፣ ይህ ቁጥር ከብቸኝነቱ ሌላ የሚሠራው ነገር አለ?

መምህር ጠመኔ፦

አለ። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሰው ኤውክሊድ እንዳሳየው ከእያንዳንዱ መርሴን ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። 6 ፍጹም ነው፤ ከራሱ በቀር የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3 ሲደመሩ 6 ይመጣሉ። 28ም እንዲሁ። ከእኛ ቁጥር የሚወለደው 2³⁰ × (2³¹ − 1) = 2,305,843,008,139,952,128 ነው፣ ስምንተኛው። ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር፤ የሚጠቅም ነገር ስላልሆነ የሚደክምበት ሰው አይኖርም ብሎ አሰበ። እዚህ ላይ አልስማማውም፤ ሰዎችም አልተስማሙትም። በ2024 የተገኘው መርሴን ፕራይም 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው።

ደግሞ ደረጃውን እዩ፦ 5 ብቸኛ፣ 2⁵ − 1 = 31 ብቸኛ፣ 2³¹ − 1 ብቸኛ። ደረጃው ይቀጥል ይሆን? 2ን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስስ? ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ግን ብቸኛ አይደለም፣ በ295,257,526,626,031 ይካፈላል። ይህ አካፋይ በ2,147,483,647 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ የኦይለር ወንፊት እዚያም ይሠራል።

11ኛ ሐ፦

ይቅርታ ዘገየሁ፣ መብራት ሄዶ በሻማ ነው የሠራሁት። በ311፦ ድርሻ 6,905,092፣ ቀሪ 35። ከዚያ እስከ 1,241 ያሉት ሁሉም ይፈርሳሉ፤ ቀጣዩ ብቸኛ 1,303 ነው። በ1,303፦ ድርሻ 1,648,107፣ ቀሪ 236።

ሳንቲም ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ 1,303ን አንድ ጊዜ እየው። 1,303 × 107 = 139,421 ነው፤ ከ139,647 ላይ ስትቀንሰው 226 ነው የሚተርፈው።

11ኛ ሐ፦

አዎ፣ 226 ነው። አስተካክያለሁ። 1,489 ላይ ድርሻው 1,442,232፣ ቀሪው 199። ከዚያ በኋላ 2,047 መጣብኝና ደንግጬ ሳየው የቅድሙ 23 × 89 ነው፤ ዘለልኩት። 2,543 ላይ ቀሪው 1,523። ይህንን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። እስካሁን አራት አካፈልኩ፤ ሻማው አጥሯል፣ ደብተሩ ግን ገና ነው።

መምህር ጠመኔ፦

በርታ ልጄ። ቀጣዩ 2,729 ነው።